የገና ጨዋታ ወራትና የሩቅ አገር ዘመዱ

ስለ ስፖርት ሲወራ «የውድድር ዘመን» የሚባል ነገር አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በማሠልጠኛችን ግቢ የማያውቅ ሰልጣኝ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሻይ ቤቱ አጠገብ ማለፍ ብቻ ይበቃል። ይሁን እንጂ የገዛ አገራችን የገና ጨዋታ የራሱ የሆነ የውድድር ዘመን እንዳለው ስንቶቻችን ልብ ብለነዋል? በዚህ ጽሑፍ ጨዋታው ለምን በዚያ ወራት እንደሚመጣና ለምንስ እዚያው ላይ እንደሚቆም ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚያም ላክሮስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የዱላ ጨዋታ ከሜዳ ተነሥቶ እንዴት ባለ አዳራሽና ባለ ሊግ እንደ ሆነ እንመለከታለን። ይህን ማድረጋችን ለወሬ ያህል አይደለም። ነገ ተመርቀን የምንመደበው ገና በሚጫወቱ ልጆች መካከል ስለሆነ ነው። የምንጽፈው ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ የመጣን ሰልጣኞች ነንና ምሳሌያችን ወደዚያው ቢያዘነብል አንባቢ ይታገሠን።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ገና» የምንለው በዓሉን ነው፤ ጨዋታውንም ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለውን ዱላም ነው። «ገናህን ይዘህ ና» ሲባል ዱላህን ማለት ነው። የምትመታዋ ኳስ ሩር ትባላለች፤ ጥንግ የሚላትም አለ። ሩር ከእንጨት ጉጥ ተጠርባ ትሠራለች፤ አለዚያም ከጠፍር ተድቦልቡላ ትሰፋለች። የእንጨቷ ሩቅ ትሄዳለች፤ ቅልጥም ላይ ስታርፍ ግን አያድርስ ነው። የጠፍሯ ለሰው ትራራለች፤ ጤዛ ሲነካት ግን ትከብዳለች። ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ይቆረጣል። ከዛፉ ላይ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ሲፈልግ የሚውል አለ፤ ያጣ ደግሞ እርጥቡን እንጨት በእሳት ለብልቦ ያጎብጠዋል። ጥሩ ገና ያለው ልጅ ዱላውን እንደ ዘመድ ይሰስተዋል፤ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ጣሪያ ሥር ሸጉጦ ያሳድረዋል።

ወደ ወራቱ እንምጣ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። (ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል።) በመካከሉ ያለው ቀን ቢቆጠር ከስድስት ሳምንት ጥቂት ያልፋል። ልጆች ዱላ መቁረጥና ሩር መጥረብ የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ የበዓሉ ዕለትና ማግሥቱ የጨዋታው ጫፍ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሩርን የሚያስታውሳት የለም። ጥር የሠርግ ወር ነዋ!

ለምን በዚህ ወራት? ሲተረክ የኖረው የእረኞቹ ታሪክ ነው። የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። ትረካው እንዳለ ሆኖ፣ የእኛን አገር መሬት የሚያውቅ ሰው ሌላም ምክንያት ይታየዋል። በቢቸና ዙሪያ ያለው ሜዳ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። በነሐሴ እግር ይውጣል፤ እንኳን ሩር ልትንከባለል በሬም በጭንቅ ይራመዳል። በጥቅምት ውኃው ይሸሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ የግጦሹ ሜዳ ይደርቃል፤ ሣሩ በከብት ተግጦ ያጥራል፤ ያኔ ሩር መሄጃ ታገኛለች። ቆየት ሲል መረሬው ይሰነጠቅና ስንጥቁ ሩሯን መዋጥ ይጀምራል። እንግዲህ ጨዋታው ጭቃው ከሄደ በኋላ ስንጥቁ ሳይሰፋ ነው የሚገኘው ማለት ይቻላል። ወደ ሞጣ ሲኬድ አገሩ ወጣ ገባ ይላል፤ ጠፍጣፋ ሜዳ ያለው መንደር ለሌለው አስተናጋጅ ይሆናል።

ሥራውም አለ። ወራቱ የጤፍ አጨዳና የክምር፣ ቀጥሎም የውቂያ ነው። ጎረምሳው በአዘቦት ቀን ማጭድ እንጂ ገና አይጨብጥም። ስለዚህ ጨዋታው የሚደራው ሥራ በማይሠራባቸው ቀናት፣ በሰንበትና በበዓላት ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድን አባቶች ይወጣሉ፤ ሰው ይመርጣሉ፤ ላይኞችና ታችኞች ተብሎ ይከፈላል፤ አለዚያም አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ይገጥማል። ቁጥር የለም። አሥር በአሥር ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳ በሃምሳም ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የመጣ የጎደለ ወደ መሰለው ይገባል። ግቡ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጅረት ወይም የድንጋይ ካብ ነው። ሩሯን በዱላ እየለጉ ከዚያ ማድረስ ነው። ዳኛው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ከሌለ ጩኸት ነው። የሚያልቀው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያሸነፈ ይጨፍራል፤ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ የመንደሩን ባለጸጋና ሹምም ቢሆን አይምርም። በዚያን ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። በሌላ ቀን ቢባል የሚያስከስስ ቃል በገና ዕለት ያስቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ የሚናገርበት ነው።

ጉዳቱንም መደበቅ አይገባም። ቅልጥም ይላጣል፤ ጥርስ ይወልቃል፤ ግንባር ይፈነከታል። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን ዱላ ይዞ ወደ ግቢ መግባትን የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ በዛሬዎቹ የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ልጆች ዘንድ ታኅሣሥም ሆነ ሰኔ ኳስ ማለት እግር ኳስ መሆኑ ነው። እግር ኳስን አንጠላም፤ እኛም እንጫወታለን። ነገር ግን ኳሱ ወቅት አይጠብቅም፤ ውጤቱ ይጻፋል፤ ዋንጫ አለው፤ በትምህርት ቤት መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ አለው። ገና ይህ ሁሉ የለውም። አምና ላይኞች አሸነፉ ወይስ ታችኞች ብላችሁ በአንድ መንደር ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው በጃንሜዳ ሲታይ የኖረ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከኩርቦ፣ ከሻህና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድሩ ውስጥ አስገብቶታል። ግን ከፌዴሬሽኑ ውድድር እስከ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ያንን መንገድ የሚያሳጥረው መምህሩ ነው።

ከዚህ ላይ ባሕር እንሻገር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውሳለን።

ላክሮስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው። በተለይ ሆዲኖሾኒ የተባሉት፣ ፈረንሳዮች ኢሮኳ ይሏቸው የነበሩት የስድስት ነገዶች ኅብረት፣ ጨዋታው ከፈጣሪ የተሰጠ ነው ብለው ያምናሉ። የሚጫወቱት ፈጣሪን ለማስደሰት፣ የታመመንም ለመፈወስ ነው። ጥንት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሁለት ወገን ሆነው ይገጥሙ ነበር። በግቦቹ መካከል ያለው ርቀት የመንደር መንገድ ያህል ነበር። ኳሷ ከእንጨት ወይም ከአጋዘን ቆዳ ትሠራ ነበር። የእኛን ገና ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙስ ቢሆን? በ1630ዎቹ የፈረንሳይ ሚስዮናውያን አይተው «ላ ክሮስ» አሉት፤ የጎበጠ በትር እንደ ማለት ነው። እነርሱም እንደ እኛ ጨዋታውን በዱላው ጠሩት።

ልዩነቱን ግን መሸፈን አያስፈልግም። የላክሮስ ዱላ ጫፉ ላይ መረብ አለው፤ ኳሷ በመረቡ ተይዛ ትሮጣለች፣ ትወረወራለች፣ በአየር ላይ ትቀለባለች። የእኛ ሩር መሬት ለመሬት ተመትታ ነው የምትሄደው። በአመታቱ ገና ከሜዳ ሆኪ ይቀርባል፤ በኑሮው ግን ከላክሮስ ጋር ነው ዝምድናው።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ እንዴት የሊግ ስፖርት ሆነ? ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የተባለ የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም በ1867 ደንብ አወጣለት። የተጫዋቹን ቁጥር በአንድ ወገን 12 አደረገ፤ የቆዳዋን ኳስ በላስቲክ ተካ፤ ለሜዳው ልክ ሰጠ። (የጥርስ ሐኪም መሆኑ ያስቃል፤ ለገና ጨዋታ ከጥርስ ሐኪም የበለጠ ማን ይጠቅማል?) ደንቡ ጨዋታውን ከከተማ ወደ ከተማ አሻገረው፤ ክለቦች በየቦታው ተመሠረቱ።

ቀጥሎ የሆነው ግን አሳፋሪ ነው። በ1880 የካናዳው የላክሮስ ማኅበር ውድድሩ የአማተሮች ነው ብሎ ወሰነ። ነባሮቹ ሕዝቦች ግን ለመንገድና ለምግብ ገንዘብ ይቀበሉ ስለ ነበር «ባለሙያ ናችሁ» ተብለው ከውድድሩ ተገለሉ። ጨዋታውን ለዓለም የሰጡት ሰዎች በገዛ ጨዋታቸው ደንብ ከሜዳው ወጡ ማለት ነው። ደንብ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የሚጽፈው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ የለም።

ወደ አዳራሽ የገባው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ካናዳ የበረዶ ሆኪ አገር ናት፤ የሆኪ አዳራሾች በክረምታቸው ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ባዶአቸውን ይከርማሉ። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በ1931 የሞንትሪያሉን ታዋቂ የሆኪ ክለብ ባለቤቶች ጨምሮ ነጋዴዎች ላክሮስን ከሰፊው ሜዳ አንሥተው በአጥር በተከበበው የሆኪ ወለል ላይ አስገቡት። ስሙም «ቦክስ ላክሮስ» ሆነ፤ ቦክስ ማለት ሳጥን ነው። ሊጋቸው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ አጨዋወቱ ግን አልፈረሰም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በካናዳ የሜዳውን ጨዋታ በልጦ ተገኘ። ነባሮቹም ሕዝቦች ተቀበሉት፤ በየመንደራቸው የራሳቸውን ሳጥን ሠሩ።

ዛሬ ስለ ባለሙያዎች የአዳራሽ ላክሮስ ሲነገር የሚታሰበው ናሽናል ላክሮስ ሊግ ነው። በሌላ ስም በ1987 በ4 ቡድኖች፣ በፊላደልፊያ፣ በባልቲሞር፣ በዋሽንግተንና በኒው ጀርሲ፣ ተጀመረ። አንድ የውድድር ዘመኑን እንመልከት። የ2024–25ቱ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀመረ፤ ልክ የእኛ ልጆች ዱላ በሚቆርጡበት ሰሞን ማለት ነው። ቡድኖቹ ከካናዳና ከአሜሪካ 14 ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን 18 ግጥሚያ አለው። ጠቅላላው ስንት ነው? 14 በ18 ሲባዛ 252 ይሆናል፤ አንድ ግጥሚያ ግን የሁለት ቡድን ስለሆነ ለ2 ይካፈላል፤ 126 ግጥሚያ። ከ14ቱ 8ቱ ወደ ማጣሪያው ያልፋሉ፤ የመጀመሪያው ዙር በአንድ ግጥሚያ ይለያል፤ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ሁለት ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበት ነው። በግንቦት የቡፋሎ ቡድን የሳስካችዋንን 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት መሆኑ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ በአንድ ወገን 5 ሯጮችና 1 በረኛ። ጊዜው 15 ደቂቃ የሆነ 4 ክፍል። ወለሉ ወደ 60 ሜትር ርዝመትና ወደ 26 ሜትር ወርድ አለው፤ ከበረዶው በላይ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍበታል። ግቡ ጠባብ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ45 ሳንቲም ገደማ። ኳሷ አጥሩን ነክታ ስትመለስ ጨዋታው አይቆምም፤ ስለዚህ እረፍት የለም። ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች 2 ደቂቃ ይወጣል፤ ከባድ ከሆነ 5 ደቂቃ፤ ቡድኑ በዚያ ጊዜ ጎደሎ ሆኖ ይጫወታል። ከሁሉ የሚገርመን ግን የ30 ሰከንዱ ሕግ ነው። ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ ካልመታ ኳሷን ያስረክባል። በዚህ ምክንያት መሪው ቡድን ኳስ ደብቆ ሰዓት መግደል አይችልም። አንድ ግጥሚያ 3,600 ሰከንድ ነው፤ ለ30 ቢካፈል ሁለቱ ቡድኖች ኳሷን ከ120 ጊዜ ባላነሰ እንደሚቀባበሏት መገመት ይቻላል። በእግር ኳስ ውስጥ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ እያልን የምናዝንባቸው ቡድኖች አሉ፤ ስማቸውን አንጠራም።

እንግዲህ ቅድም ያዙልን ወዳልናት ነገር እንመለስ። የዚህ ሊግ ግጥሚያዎች በአብዛኛው የሚደረጉት በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ለምን ቢባል፣ ባለሙያ ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በሥራ ቀን ሌላ ሥራ አላቸው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለ፣ አናጢ አለ፣ መምህርም አለ። ጆን ታቫሬስ የሚባለውን እንውሰድ። በ1968 ቶሮንቶ ተወለደ፤ ከ1992 እስከ 2015 ለቡፋሎ 24 የውድድር ዘመን ተጫወተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙ ግብ አስቆጣሪ ተብሎ የታወቀ ሰው፣ ኑሮው በኦንታሪዮ ሚሲሳጋ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርነት ነበር። በሳምንቱ መካከል ጠመኔ፣ ቅዳሜ ዱላ። ኋላም የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ ሦስቱን ተከታታይ ዋንጫዎች ያነሣው በእርሱ አሠልጣኝነት ነው። የገጠር መምህር ደብተር ሲያርም ውሎ ለስፖርት ጊዜ የለውም የሚል ሰልጣኝ ካለ ይህን ሰው ያስብልን።

የእኛ ጎረምሳ በሰንበት የሚጫወተው አጨዳው ስለያዘው ነው፤ የእነርሱም ደመወዝተኛ በቅዳሜ የሚጫወተው ሥራው ስለያዘው ነው። ወቅትን የሚሠራው ሥራ ነው። ሊግ ሲመሠርቱ ጨዋታውን ከሰው ኑሮ አልነጠሉትም፤ በኑሮው ክፍተት ውስጥ ቆጥረው አስገቡት እንጂ። የጨመሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥር፣ ክልልና መዝገብ።

ይህን ሐሳብ በክፍላችን ስናነሣ ከመምህሮቻችን አንዱ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አቀረቡ። «ለገና ቁጥር ብትሰጡት፣ መስመር ብታሰምሩበት፣ ዳኛ ብታቆሙለት የቀረው ምኑ ነው? ያ ሆኪ ነው፤ ሆኪ ደግሞ አለ» አሉ። ክርክሩ እስከ ደወል ድረስ ቆየ። እኛም ነገሩን ከልብ አሰብንበት። እርግጥ ነው፣ የገና ጣዕሙ ሃምሳ ሰው በአንድ ሩር ላይ ሲረባረብ ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው የሚመጣው ዱላ መያዝ የሚያውቅ ልጅ ሲኖር ነው። ዱላ ያልጨበጠ ልጅ አድጎ በበዓሉ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ ስልኩን ነው የሚያየው። ስለዚህ እኛ የምንለው የትምህርት ቤቱ ጨዋታ የበዓሉ ጨዋታ ተተኪ ሳይሆን መለማመጃው ይሁን ነው። ደንቡንም መምህሩ ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ ባይጽፈው መልካም ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ግብ የሚባለው ምን እንደ ሆነ፣ ጥፋት የሚባለው ምን እንደ ሆነ ይናገሩ፤ መምህሩ ይጻፍ። የ1880ው ነገር በእኛ ቀበሌ እንዳይደገም።

ሒሳቡን ሠርተነዋል። በእግር የሚደራረሱ 6 ትምህርት ቤቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢገጥም፣ 6 በ5 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 15 ግጥሚያ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ግጥሚያ ቢደረግ ስድስቱም ይጫወታሉ፤ 15ቱ ግጥሚያዎች በ5 ቅዳሜ ያልቃሉ። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ቢያንስ 6 ቅዳሜ አለ። ስድስተኛው ለፍጻሜው ነው። ወራቱ የተሰፋልን ልብስ ያህል ልካችን ሆኖ ተገኘ! አጨዳ ላይ ያለ ልጅ አንድ ቅዳሜ ቢቀር ሌላው ይተካዋል፤ ቡድኑ ከ7 ተጫዋች በላይ ሜዳ ላይ አያስፈልገውምና።

አዳራሽ የለንም፤ አያስፈልገንምም። ሜዳው እንደ መረብ ኳሱ ሜዳ በአመድ ይሰመራል። ርዝመቱ 60 ሜትር ከሆነ በቂ ነው፤ መምህሩ በእርምጃ ይለካዋል፤ አለዚያም የሒሳብ ክፍለ ጊዜው ላይ ልጆቹ በገመድ ይለኩታል። ሩሯ የእንጨት አትሁን፤ ከጨርቅ ተጠቅልላ በቆዳ ትለበጥ። ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣ፤ ያነሣ 2 ደቂቃ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ይህች አንዲት ሕግ ብቻ ብትከበር ከጥርስና ከግንባር ጉዳት አብዛኛውን ታስቀራለች ብለን እናምናለን። ርእሰ መምህሩም ዱላ ወደ ግቢ እንዲገባ የሚፈቅዱት ዱላዎቹ በስፖርት መምህሩ ቢሮ ተቆልፈው የሚያድሩ፣ ለጨዋታ ብቻ የሚወጡ ሲሆን ነው።

የ30 ሰከንዱንስ በምን እንቆጥራለን? በሰዓት አይደለም። የአንደኛ ክፍል ልጆች በሜዳው ዳር ተሰልፈው በአንድ ድምፅ ከአንድ እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ። ቁጥር ለማስተማር ዓመቱን ሙሉ የሚደክም መምህር በአንድ ቅዳሜ ውስጥ ሠላሳን መቶ ጊዜ ያስቆጥራል ማለት ነው። ስለ ማስተማሪያ መርጃ ዘዴ ብዙ ተምረናል፤ ከዚህ የረከሰ አላየንም።

የሴቶቹ ነገር ቀርቷል። ገና የወንድ ነው ተብሎ ኖሯል፤ በክፍላችንም «እናቶቻችን ምን ይሉናል?» ያሉ እኅቶች ነበሩ። በሆዲኖሾኒ ዘንድም የእንጨት ዱላውን ሴት አትነካም የሚል ጥብቅ ወግ አለ፤ ቢሆንም ዛሬ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚቀርብ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አላቸው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የወንድና የሴት ተብሎ የተከፈለ ስላልሆነ ሴት ልጆች ዱላ ይጨብጡ፤ ከ7ቱ 3ቱ ሴቶች ይሁኑ የሚለው በክፍላችን በብዙ ድምፅ አልፏል። በነገራችን ላይ ላክሮስ በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲገባ በ2023 ሲወሰን፣ ሆዲኖሾኒዎች በራሳቸው ስምና ባንዲራ ለመቅረብ ጥያቄ አንሥተዋል። የተገለሉበትን ጨዋታ ባለቤትነት ከመቶ ዓመት በኋላም አልተዉትም።

ግጥሙስ ይቅር? አይቀርም። ግጥሚያው ሲያልቅ ያሸነፈው ቡድን ይገጥማል፤ የተሸነፈውም መልስ ይሰጣል። የአማርኛ መምህሩ የተሻለውን ግጥም ያደመጠ እንደ ሆነ ከውጤቱ ጎን ይጽፈዋል። በመዝገቡ ላይ የሚቀመጠው እንግዲህ ይህ ነው፤ ቀኑ፣ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ስም፣ ግቡ፣ የተቀጡት ልጆች፣ ከዚያም ግጥሙ። መምህሩን የሚነካ ግጥም ቢመጣ መምህሩ አይቆጣም፤ ወራቱ ገና ነውና።

መርሐ ግብሩ ሲወጣ ታኅሣሥ 29 ላይ ምንም አይጻፍበት። በዚያን ቀን መስመርም፣ ዳኛም፣ ሰባት በሰባትም የለም። ሜዳው የመንደሩ ነው፤ ተማሪውም፣ አባቱም፣ ትምህርት ቤት ያልገባው እረኛም ዱላውን ይዞ ወደ ጎደለው ወገን ይግባ።